ካቻቪቴ በመንጋጋ

ይነሣና ያስላል፣ ያስልና ይጠፋል፤
ይኸው ሦስት ቀኑ፣ እንዲህ እያለ ያለፋል።
ሳስካችዋን ሜዳ፣ ኅዳር እኩሌታ፣
ነፋሱን የሚያግድ ዛፍ በሌለው ቦታ፣
የአባቴ አሮጌ መኪና፣ ከጎተራው ሥር ቆሞ፣
የሸጥነውን ስንዴ እንዳዘለ፣ ታሞ።

እኔ ላሪሳ ነኝ፤ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ፤
የማውቀው ቁልፍ ማዞር እንጂ
ቡሎን መፍታት ሥራዬ አይደለም። ያም ሆኖ
ከኮፋኖው ሥር ነኝ፣ ጣቴ በብርድ በድኖ።

ባትሪው ነው ብዬ፣ ባትሪውን ሞላሁ፤
ፊልትሮው ነው ብዬ፣ ፊልትሮ ለወጥሁ፤
ናፍጣው ረግቶ ይሆናል ብሎ ወንድሜ ቢመክር
(በስልክ፣ ከሞቀ ቢሮው፣ እግሩን ሰቅሎ ሲናገር)
ማቅለጫም ጨመርሁ።
በሽታ ሳይታወቅ መድኃኒት ሲቀዳ
ኪሴ ዳነ እንዳልል፣ እሱም ተጎዳ።

አባቴ ኦረስት በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጧል።
ድሮ እሱ፣ በማዶ መንገድ የሚያልፍ ትራክተር ሰምቶ፣
"የዳኒሉኮች ነው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር ደክሟል" ይል ነበር፣
ማንኪያውን ከሾርባው አንሥቶ።
ዛሬ ጆሮው የለም።
ስጮህበት ከንፈሬን ያያል፤ ከንፈሬ በሻርፕ ተሸፍኖ፣
"እ?" ይለኛል፣ "እ?"
ብርዱን እኔ የጋበዝሁት ይመስል ተቆጥቶ።

እጁን ዘረጋ። ረጅሙን ካቻቪቴ።
ሰጠሁት።
የብረቱን ጫፍ ከፓምፑ ወገብ ላይ አቆመ፤
እጀታውን ከጆሮው ሥር፣ ከመንጋጋው አጥንት
አስጠጋና ዐይኑን ገጠመ።
"አንድ ጥርስ ብቻ አዙሪ! ሞተሪኖውን እንዳትነኪ!"
አዞርሁ። ጠበቅን።
ቄስ እንኳ ለኑዛዜ እንዲህ አያዳምጥም።
"ዝም ነው" አለ። "የሚገፋ ነገር የለም።"
ሽቦውን በመፈተሻ መብራት ነካሁ፤ መብራቷ በራች።
ጉልበቱማ ደርሶታል፤
እሱ ነው የሞተው።

አዲሱ ፓምፕ ከዮርክተን መጣ በሰባተኛው ቀን፣
በጎረቤታችን በዳግማር ጭን ላይ፣
ከእንቁላል ጋር በአንድ ካርቶን።

ሦስት ቡሎን ነው። ሁለቱ ወጡ በልመና፤
ሦስተኛው ግን የታሰረው ለሰው እጅ አይደለምና
ከሞተሩና ከቱቦው መሃል፣ ዐይን በማይደርስበት፣
በጣቴ ጫፍ እያሰብሁ ፈታሁት።
ናፍጣው በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ወረደ፤
ቡሎኑም ከእጄ አምልጦ በረዶ ውስጥ ሄደ።
ተንበርክኬ ስዳብስ አባቴ ሳቀና
የፍሪጁን ማግኔት በገመድ አሥሮ አመጣልኝ፦
መኪናውን የገዛንበትን ብድር የሰጠን ባንክ
ስሙን የጻፈበት።
ለካ አንድ ቀን ይጠቅመናል!

አሮጌዋን የመዳብ ቀለበት ልመልስ ስል
(ሁለት ዶላር ላተርፍ)
በከዘራው ጫማዬን መታ፦ "ያፈስሳል።"
አፈሰሰ።
እንደገና ፈታሁ።

ቀጥሎ አየሩን ማስወጣት። ዳዶውን ላላ አድርጌ
ቁልፉን አዞርሁ፤ ቱቦው አረፋ ይተፋል፣
ይኮላተፋል፣ ያቆማል፣ ይተፋል፣
ከዚያ ድንገት አንድ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ክር፤
ሊናገር የፈለገው ቃል በመጨረሻ እንደ መጣለት ሰው።
አጠበቅሁት።

አንዴ። ሁለቴ።
በሦስተኛው የጎተራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤
ጥቁሩ ጭስ ነጩን ሜዳ አቋርጦ ሮጠ።
እኔ ዘለልሁ፤ ፒንሳዬን ወደ ሰማይ ወረወርሁ
(እስከ ዛሬ አልተገኘችም)።

አባቴ አላጨበጨበም።
ካቻቪቴውን ከፓምፑ ላይ መልሶ ተከለ፣
እጀታውን ከመንጋጋው፣ እንደ ቅድሙ፣ ዐይኑን ከድኖ።
ቁልፉን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ
በመዳፉ፣ ቆይ፣ አለኝ።
አገጩ ይንዘረዘራል። ጺሙ ላይ ያለችው በረዶም።
ምን እንደሚሰማ አልጠየቅሁትም፤
ብጠይቀውስ በየት ይሰማኛል?

የእህል ሚዛኑ ቤት ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤
ናፍጣም ዘንድሮ ዋጋው ጣራ ነክቷል።
እኔ ግን እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቆምሁ፣
ቁልፉን ሳልነካ፣
ሞተሩን ሳላጠፋ።